የወረቀቱ ቤተ መንግሥትና የሽፔርገር ደብል ቤዝ

ከበርሊን ወደ ሃምቡርግ በባቡር የሚሄድ ሰው ሉድቪግስሉስትን በመስኮት አይቶ ያልፋል። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ያንንም አያይም፤ አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቷል። እኔም በዚያ መስመር ስመላለስ ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። ባለፈው ጸደይ ግን ሆን ብዬ ወረድኩ። ያስወረደኝ ከ200 ዓመት በፊት እዚያ የሞተ ሙዚቀኛ ነው፤ ዮሐን ማቲያስ ሽፔርገር።

ባቡሩ ውስጥ እያለሁ የባንዳችን መሪ ደወለ።

«የት ነህ አንተ?»

«ወደ ሉድቪግስሉስት እየሄድኩ።»

«ምን አለ እዚያ? ሰርግ ነው?»

«የምን ሰርግ! የአንድ ቤዚስት ከተማ ነው። ለደብል ቤዝ 18 ኮንቼርቶ የጻፈ ሰውዬ።»

«ለቤዝ?» ሳቁን ለቀቀው። «18ቱንም ማን ሰማለት?»

አልከፋኝም። ሰርግ ላይ ቤዝ ጊታር የሚጫወት ሰው እንዲህ ያለውን ቀልድ ለምዶታል። ቪዲዮ ቀራጩ መጀመሪያ ዘፋኙን፣ ቀጥሎ ሳክስፎኑን፣ ከዚያ እስክስታ ወራጁን ሲከተል ያመሻል። ቤዝ ልብ የሚባለው ኬብሉ ተነቅሎ ድምፁ ሲጠፋ ነው። ያኔ ሁሉም ዞር ዞር ይልና «ምን ጎደለ?» ይላል።

ከሽፔርገር ጋር ያስተዋወቀችኝ በርሊን ውስጥ ደብል ቤዝ፣ ማለትም ቆመው በደጋን የሚጫወቱትን ትልቁን ቤዝ፣ የምትጫወት ጀርመናዊት ጓደኛዬ ናት። አንድ ቤዚስት ኦርኬስትራ ውስጥ ለመቀጠር ሲፈተን፣ ከሞላ ጎደል በየትኛውም አገር ቢሆን፣ ወይ የዲተርስዶርፍን ወይ የቫንሃልን ኮንቼርቶ ተጫወት ይባላል። ኮንቼርቶ አንድ ብቸኛ መሣሪያ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ሥራ ነው። የሁለቱ አቀናባሪዎች ኮንቼርቶዎች ከ18ኛው ክፍለ ዘመን የቪየና ሰፈር የወጡ ሥራዎች ናቸው። እሷም ተማሪ ሆና በእነዚህ ሁለት ኮንቼርቶዎች ስትታሽ ነው የኖረችው። ታዲያ አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፤ «ሁለቱም ዛሬ በእጃችን ያሉት ሽፔርገር የሚባል ቤዚስት ሰብስቦ ስላስቀመጣቸው ነው። ወረቀቶቹ ሽቬሪን ናቸው፤ እሱ ይሠራ የነበረው ደግሞ እዚያው አጠገብ፣ ሉድቪግስሉስት።» ሁለቱ ከተሞች በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው የሚራራቁት። ከዚህ በኋላ ቤት ተቀምጬ ምን እጠብቃለሁ?

ሉድቪግስሉስት ፀጥ ያለች ከተማ ናት። ከጣቢያው ወጥቶ ቤተ መንግሥቱ ድረስ በእግር መሄድ ይቻላል። የቀይ ሸክላ ቤቶች፣ በመስመር የተተከሉ ዛፎች፣ ብስክሌት የሚገፉ አዛውንቶች። ዋና ከተማ የነበረች አትመስልም። ነገር ግን የሜክለንቡርግ-ሽቬሪን መስፍን ፍሪድሪክ በ1760ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ግቢውን ከሽቬሪን ነቅሎ ወደዚህ ጫካ አመጣው። ውሃ ስላልነበረ 28 ኪሎ ሜትር ቦይ አስቆፈረ። ዛሬም ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት በደረጃ በደረጃ የሚወርደው ውሃ በዚያ ቦይ የመጣ ነው። ቤተ መንግሥቱን ዮሐን ዮአኪም ቡሽ የሚባል አርክቴክት ከ1772 እስከ 1776 ሠራው። ጣሪያው ጠርዝ ላይ 40 ሐውልቶች ተደርድረው ቁልቁል ያያሉ። ከሩቅ ሲታይ የገንዘብ ችግር የሚባል ነገር ያልነካው ሰው ቤት ይመስላል።

ውስጥ ሲገቡ ጉዱ ይወጣል። ጣሪያው ላይ ያለው ወርቃማ ጌጥ፣ ዓምዶቹ አናት ላይ የተጠቀለለው ቅጠል፣ በእንጨት የተፈለፈለ የሚመስለው አበባ፣ ብዙው ወረቀት ነው። አዎ፣ ወረቀት። የመንግሥት ጽሕፈት ቤት የጣለውን አሮጌ ወረቀት በሙጫ እየለወሱ፣ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ እየጠቀጠቁ፣ ሲደርቅ እየቀቡና በወርቅ እየለበጡ ሠሩት። የሉድቪግስሉስት ካርቶን ይባላል፤ አሠራሩን በምስጢር ይይዙት ነበር። አስጎብኚያችን ለመንካት የተዘጋጀች ቁራጭ አቀበለችን። የፊቷ ቅቡ ልስልስና ቀዝቃዛ ነው። ስገለብጣት ጀርባዋ ሸካራ፣ አመድማ፣ ንብርብሩ በጣት የሚቆጠር ወረቀት ሆኖ አገኘሁት። እንጨት ጠብቆ የተዘጋጀ እጅ በቅለቷ ይደነግጣል። አጠገቤ የነበረ ሽማግሌ «ግብር የከፈልንበት ደረሰኝ ይሆናል» ብሎ አሳቀን።

ከቤተ መንግሥቱ ትይዩ ያለው ቤተ ክርስቲያንም የዚሁ የቡሽ ሥራ ነው። ፊቱ ላይ ስድስት ግዙፍ ዓምዶች ቆመውበታል። ውስጡ ከመሠዊያው ጀርባ ያለው ግድግዳ በሙሉ አንድ ሥዕል ነው፤ መላእክት ለእረኞች ሲገለጡ። ኦርጋኑ የተደበቀው ከዚያ ሥዕል ጀርባ ነው። ስለዚህ ሙዚቃው ሲጀምር ድምፁ ከደመናውና ከመላእክቱ መሀል የሚወጣ ይመስላል። መስፍን ፍሪድሪክ መንፈሳዊ ሰው ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ዜማ እንጂ የዓለም ጨዋታ አይጥመውም። በ1785 የተተካው ፍሪድሪክ ፍራንዝ ቀዳማዊ ግን ሌላ ሰው ነው። ሲምፎኒ ይወዳል፣ ኮንቼርቶ ይወዳል፣ ጎበዝ ሙዚቀኛ ሲያገኝ ይቀጥራል። ሽፔርገርን የቀጠረው እሱ ነው፤ በ1789።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሽፔርገር ብዙ ተንከራቷል። የተወለደው በ1750 ፌልድስበርግ ነው፤ ዛሬ ቫልቲትሴ ተብላ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ያለች ከተማ። በ1777 ፕረስቡርግ፣ ማለትም የዛሬዋ ብራቲስላቫ፣ በካርዲናል ባትያኒ ኦርኬስትራ ውስጥ ገባ። ጥሩ ኦርኬስትራ ነበር። እዚያ እያለ ነው ለራሱ መሣሪያ ኮንቼርቶ መጻፍ የጀመረው። በ1783 ኦርኬስትራው ተበተነ። ኤርዶዲ የሚባል ባላባት ዘንድ ገባ፤ በ1786 ያም አበቃ። ከዚያ ቫዮሊን ብቻ የተሸከመ ሰው እንኳ በሚሰንፍበት መንገድ፣ እሱ ያንን ቁም ሳጥን የሚያህል መሣሪያ ይዞ በሠረገላ ሥራ ፍለጋ ወጣ። በርሊን ሄዶ በፕሩሺያው ንጉሥ ፍሪድሪክ ቪልሄልም ዳግማዊ ፊት ተጫወተ። ንጉሡ ራሱ ቼሎ ይጫወት ስለነበር ለዝቅተኛ ድምፅ ጆሮ ነበረው። ቋሚ እንጀራ የተገኘው ግን እዚህ፣ በወረቀቱ ቤተ መንግሥት ነው። እስከሞተበት እስከ 1812 አልለቀቀውም።

ወርቃማው አዳራሽ የሚባለው ክፍል የሁለት ፎቅ ቁመት ያለው ነው። አንገት የሚያስቀና ከፍታ ነው። አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ ጣሪያውን እያየሁ የማስበው ስለ ድምፅ ነበር። የዚያን ጊዜ ደብል ቤዝ እንደ ዛሬው አይጮህም። በአንጀት ክር ነው የሚሠራው፤ ድምፁ ለስላሳና ጭስ ያለበት ነው። ከፊቱ ሃያና ሠላሳ ሰው ተቀምጦ፣ ከኋላው ቫዮሊኖች እየተከተሉት፣ አንድ ሰው ቆሞ ይህን ትልቅ መሣሪያ እንደ ዘፋኝ ያዘፍነዋል። ለዚያውም የኦርኬስትራው መሪ አንቶኒዮ ሮሴቲ ራሱ በቤዝ የጀመረ ሰው ነበር። ሽፔርገር በመጣበት ዓመት ነው እሱም የመጣው፤ በ1792 እዚሁ ሞተ። በአንድ ትንሽ ከተማ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ቤዚስት አቀናባሪዎች። የባንዳችን መሪ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል አላውቅም።

ሽፔርገር ቀልድም ያውቃል። የዘመኑ ታላቅ አቀናባሪ ሃይድን በ1772 የጻፈው የስንብት ሲምፎኒ አለ፤ መጨረሻው ላይ ሙዚቀኞቹ አንድ በአንድ ሻማቸውን እያጠፉ የሚወጡበት። ሽፔርገር ደግሞ የተገላቢጦሹን ጻፈ፤ ሙዚቀኞቹ አንድ በአንድ እየመጡ የሚቀላቀሉበት የመምጣት ሲምፎኒ። ሁለት ጊዜ ኦርኬስትራ የተበተነበት ሰው እንዲህ ያለ ሐሳብ ቢመጣለት አይገርምም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስለ ቅኝቱ።

ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ጓደኛዬ ቤት ሄጄ በአሮጌው የቪየና ስልት የተሠራ ቤዟን አሳይታኝ ነበር። መጀመሪያ ዓይን የሚገባው አንገቱ ነው። ፍሬት አለው፤ ግን እንደኔ ጊታር ብረት አይደለም። ከአንጀት የተሠራ ክር አንገቱ ዙሪያ ተጠምጥሞ ከኋላ ተቋጥሯል። ሲላላ ትገፋዋለች፣ ሲበጠስ ሌላ ትቋጥራለች። ሁለተኛው ክሮቹ ናቸው፤ አምስት። የዛሬ ደብል ቤዝ በተለምዶ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ነው የሚቃኘው፤ ልክ እንደ ቤዝ ጊታር። ይሄኛው ግን ከታች ወደ ላይ ኤፍ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ ነው። «በል ንካው» አለችኝ። አራቱን የላይኞቹን ክሮች ምንም ሳልይዝ በአውራ ጣቴ ጠራረግኳቸው። ዲ ሜጀር ሆኖ ወጣ። ሙሉ ኮርድ፣ ያለ ግራ እጅ። አንዴ ከነካሁት በኋላ ዝም ብሎ ይጮህ ነበር፤ አንዱ ክር ሲነካ ሌሎቹ አብረውት ስለሚርገበገቡ።

ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ክራር ነኪ ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር ክሩን ጠምዝዞ ይቃኛል እንጂ በአንድ ቅኝት ሁሉንም ልጫወት አይልም። ዘፈኑ ክሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። የቪየና ቤዝም እንዲሁ ነው። ዲ ሜጀር ክሮቹ ላይ ተኝቷል። ተጫዋቹ ጣቱን ጋደም አድርጎ ሁለት ሦስት ክር ባንዴ ሲይዝ ሌላ ኮርድ ያገኛል። ወደ ላይ ወጥቶ ክሩን ሳይጫን ነካ ሲያደርገው ፉጨት የሚመስለው ሃርሞኒክ ይወጣል። በዛሬው ቅኝት ጣት የሚያጣምመው አርፔጂዮ፣ ማለትም የኮርዱን ድምፆች አንድ በአንድ መጫወት፣ እዚያ ላይ እንደ ውሃ ይፈስሳል። ኦርኬስትራው በኢ ፍላት ሲጫወት ደግሞ ቤዚስቱ ክሮቹን በሙሉ በግማሽ ድምፅ ከፍ ያደርግና ጣቱን ሳይቀይር እንደ ዲ ይጫወታል። ክሩ ስለሚወጠር ድምፁም ጠራ ብሎ ከቫዮሊኖቹ መሀል ይለያል። ብልጥ ናቸው።

በዚህ ቅኝት ነው ከ1760ዎቹ ጀምሮ በቪየና ዙሪያ ያ ሁሉ የቤዝ ሙዚቃ የተጻፈው። ሃይድን በ1761 በጻፋቸው ስድስተኛ፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ሲምፎኒዎቹ ውስጥ ለቤዝ ሶሎ ሰጥቷል፤ አንድ የቤዝ ኮንቼርቶም ጽፎ ነበር፣ ጠፍቷል። ዲተርስዶርፍ ጻፈ፣ ቫንሃል ጻፈ፣ ሆፍማይስተር ጻፈ። ሞዛርት በሞተበት በ1791 ለወፍራም ድምፅ ዘፋኝና ለሶሎ ቤዝ አንድ አሪያ ጻፈ፤ ቤዙን የተጫወተው ፒሽልበርገር የሚባል ቤዚስት ነው። ሁሉም ግን ለሌላ ሰው እጅ ነው የጻፉት። ሽፔርገር ለራሱ እጅ ጻፈ። ልዩነቱ ይሰማል። የት ጋ ክሩ ባዶውን እንደሚጮህ፣ የት ጋ ደጋኑ እንደሚከብድ፣ የት ጋ አድማጭ «አሁንስ አይወጣውም» እንደሚል ያውቃል።

ሁሉም ኮንቼርቶዎቹ እኩል አይደሉም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። አንዳንዱ ቦታ ላይ ላይና ታች መሯሯጥ ብቻ ነው፤ ችሎታ ማሳያ። ሞዛርት በአራት ኖታ የሚለውን እሱ በአርባ ይለዋል። ቀስ የሚሉት ክፍሎች ግን ሌላ ናቸው። እዚያ ሩጫውን ይተውና ቤዙን ያዘፍነዋል። ለእኔ ሽፔርገር ያለው እዚያ ነው።

ማግስቱን ሽቬሪን ገባሁ። ሽቬሪን ከሉድቪግስሉስት ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ከተማ ነው። ሐይቅ መሀል ደሴት ላይ የተሠራው ቤተ መንግሥት ዛሬ የክፍለ ሀገሩ ፓርላማ ነው። መሳፍንቱ በ1837 ከሉድቪግስሉስት ተመልሰው የገቡት እዚህ ነው። ቱሪስቱ ሁሉ ፎቶ የሚያነሣው ያንን ነው፤ እውነትም ያምራል። እኔ ግን እግሬ ወደ ሜክለንቡርግ-ፎርፖመርን ክፍለ ሀገር ቤተ መጻሕፍት ነበር የሚቸኩለው። ሽፔርገር ሲሞት የተዋቸው ኖታዎች ከመስፍኑ ስብስብ ጋር ተደባልቀው እዚያ ደርሰዋል።

ንባብ ክፍሉ ውስጥ እስክሪብቶ አይፈቀድም፤ እርሳስ ብቻ። ወረቀቱ ወፍራምና ወጣ ገባ ጠርዝ ያለው ነው፤ ቀለሙ ቡናማ ሆኗል። የገረመኝ የሶሎው መስመር በቫዮሊን ቁልፍ፣ ማለትም ለቀጭን ድምፆች በሚያገለግለው የኖታ ምልክት፣ መጻፉ ነው። ከቤዝ ሰው የማትጠብቁት ከፍታ ላይ ነው ኖታው የሚሄደው። ሃርሞኒክ በሚመጣበት ቦታ ከኖታዎቹ አናት ላይ ትንንሽ ክቦች ተደርድረዋል።

ከኮንቼርቶዎቹ በላይ የያዘኝ ሌላ ወረቀት ነው። ሽፔርገር ሥራዎቹን ለማን ለማን እንደላከ የመዘገበበት ዝርዝር አለ። ለዚህ መስፍን ሲምፎኒ፣ ለዚያ ባላባት ኮንቼርቶ። የዛሬ ሰው ሲቪ እንደሚበትነው እሱም ሙዚቃ ይበትን ነበር። እንዲህ የሚመዘግብ ሰው ደግሞ የሌላውንም ወረቀት አይጥልም። የዲተርስዶርፍና የቫንሃል ኮንቼርቶዎች የተረፉት በዚህ ጠባዩ ይመስለኛል። ለሚጫወተው መሣሪያ ገበያ ላይ የታተመ ሙዚቃ አልነበረም። ያገኘውን ሁሉ ይዞ መዞር ነበረበት።

ከእሱ በኋላ ግን ቅኝቱ ሞተ። ኦርኬስትራው ተለቀ፣ ሙዚቃው ከዲ ሜጀር ሰፈር ርቆ ሄደ፣ ቤዝ ጎልቶ መጮህ ተፈለገበት። አራት ክር ያለው፣ በእኩል ርቀት የተቃኘው፣ ለዲ ሜጀር ብቻ ሳይሆን ለሌላውም ሁሉ የሚመቸው ቤዝ አሸነፈ። ያኔ የሽፔርገር ኖታ ማንም የማያነበው ሆነ፤ ቋንቋው እያለ አፉ የጠፋ። ኖታው ሽቬሪን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ከመቶ ዓመት በላይ ዝም አለ። ሉድቪግስሉስትና ሽቬሪን በምሥራቅ ጀርመን ሥር በነበሩ ጊዜ ክላውስ ትሩምፍ የሚባል የበርሊን ቤዚስት ወረቀቶቹን እያገላበጠ ማሳተምና መጫወት ጀመረ። ከ2000 ጀምሮ በሽፔርገር ስም ዓለም አቀፍ የደብል ቤዝ ውድድር ይካሄዳል፤ ሉድቪግስሉስት ቤተ መንግሥት ውስጥ የተካሄደበት ጊዜም አለ። ከየአገሩ የሚመጡ ልጆች ይፋለሙበታል። አንዳንዶቹ አሮጌውን ቅኝት ተምረው ነው የሚመጡት።

ጓደኛዬ በዚህ ላይ ቁርጥ ያለ አቋም አላት፤ ይህን ሙዚቃ በዛሬው ቅኝት የሚጫወት ሰው ግማሹን ይጥለዋል ባይ ናት። እኔ እንደሷ አልከርርም። ቅኝቱን መቀየር ለማይችል ተማሪ ኮንቼርቶውን ጨርሶ አትንካ ማለት ተገቢ አይመስለኝም። ግን በሁለቱም መንገድ የተቀረጸ አንድ ሥራ አከታትዬ ሰምቻለሁ። በዛሬው ቤዝ ተጫዋቹ ሲታገል ይሰማል፤ ትግሉ ራሱ ደስ ይላል። በአሮጌው ቅኝት ሙዚቃው ቁጭ ብሎ ያወራል።

መንገዱን መሞከር ለሚፈልግ፤ ከበርሊንም ከሃምቡርግም ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል፤ ሽቬሪንን ከጨመራችሁ ግን እደሩ። ሰኞ አትሂዱ፤ ሙዚየሙ ዝግ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የእጅ ጽሑፍ ለማየት አስቀድሞ መጻፍ ያስፈልጋል። ባቡር ውስጥ ለማዳመጥ በኮንቼርቶ አትጀምሩ። ለቤዝና ለቪዮላ (ከቫዮሊን ተለቅ ላለችው እህቱ) በጻፋቸው ሶናታዎች ጀምሩ። እዚያ ቪዮላው ከሥር ሆኖ ያጅባል፤ ዜማውን የያዘው ቤዙ ነው። ለባንዳችን መሪም አንዱን ልኬለታለሁ። «ቪዮላው የት ጋ ነው?» ብሎ መለሰልኝ።